ቺንጋው መንገድ ላይ ነው

አንድ ጊዜ፣ ከተራራ ሥር በተቀመጠች ብርዳም ሸለቆ ውስጥ፣ እንስሳት ተሰብስበው አክሲዮን ማኅበር አቋቋሙ። ምን አስጀመራቸው ቢሉ፣ ቀበሮ ስለተናገረ ነዋ! ቀበሮ አፉን ከከፈተ ድንጋይም አክሲዮን ይገዛል።

«ወገኖቼ!» አለ ቀበሮ በዚያን ዕለት፣ ጉብታ ላይ ወጥቶ፣ ጭራውን እንደ ኩታ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ። «ክረምት በመጣ ቁጥር በብርድ እንንቀጠቀጣለን። ማገዶ ፍለጋ ተራራውን ራሰ በራ አደረግነው። እግራችን ሥር ግን ምን ወድቋል? ጭድ! የማሽላ አገዳ! ገለባ! ይህን ፈጭተን፣ በማሽን ጨምቀን፣ ጣት የምታክል እንክብል ብናደርገው፣ አንድ ቁና እንክብል አንድ ሸክም እንጨት ይተካል። ጭስ የለው፣ ፍልጥ የለው፣ ሸክም የለው!»

ይቺ «ሸክም የለው» የምትለዋ ቃል የእመት አህዪትን ጆሮ ቀጥ አድርጋ አቆመች።

እመት አህዪት የሸለቆዋ እንጨት ተሸካሚ ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝንጀሮ እንጨቱን ይጭናታል፣ በቃጫ ገመድ ሆዷን ጥፍር አድርጎ ያስራታል፣ እሷም ከተራራው ትወርዳለች። ጫካው በየዓመቱ ወደ ላይ ይሸሻል፤ እሷ በየዓመቱ ወደ እርጅና ትወርዳለች። ጀርባዋ ገጥቦ ገጥቦ ዝንብ ራሱ ተራ ይዞ ነው የሚያርፍበት። እንግዲህ «ሸክም የለው» ሲባል ብትሰማ ምን ታድርግ? ለበጋ ብላ የከመረችውን ጭድ አንድ ዘለላ ሳታስቀር ለማኅበሩ ሰጠች። በዚያ በጋ የበላችው ተስፋ ነበር። ተስፋ ደግሞ ጨጓራ አይሞላም።

ሌሎቹም አዋጡ። በሬ በቅርቡ የሞተውን የአባቱን ቆዳ አመጣ። ዶሮዎች ለሥራ አስኪያጁ ቀለብ እንቁላል ሊያዋጡ ተስማሙ። ሥራ አስኪያጁ ማን እንደሆነ መቼም አይጠየቅም፤ ቀበሮ ነው። አንበሳ ስሙን አዋጣና የቦርድ ሰብሳቢ ሆነ። ጅብ ምንም አላዋጣም፤ ግን ጅብን ያለ አክሲዮን ማስቀረት ማን ይደፍራል? በነጻ ሰጡት። ከዚያም ቀበሮ የመተዳደሪያ ደንቡን አንቀጽ አንድ አነበበ፤ «ባለአክሲዮን ባለአክሲዮንን አይበላም።» በግና ፍየል ተቃቅፈው አለቀሱ።

«የማሽኑን ቤት ማን ይጠብቅ?» ተባለ።

«አያ ጅቦ ይጠብቅ» አለ በሬ። «ሌሊት ሌሊት እዚያ ካደረ እኛ ደጅ አይመጣም።»

ሁሉም እጁን አወጣ። እመት አህዪትም አወጣች፤ ኋላ ስታስበው ሰኮናዋን መንከስ እስኪያምራት ድረስ የተቆጨችው በዚህ ነው።

ማሽኑ ወንዝ ዳር ተተከለ። ውሃው መዘውሩን ያሽከረክራል፤ መዘውሩ ደግሞ በረጅም የቆዳ ቀበቶ፣ ባለወፍጮዎች ቺንጋ በሚሉት፣ መጭመቂያውን ያዞራል። መዘውሩ አለ፣ መጭመቂያው አለ፣ ጭዱ ጣሪያ ነክቶ ተከምሯል። የቀረው ቺንጋው ብቻ ነው። የበሬ አባት ቆዳ ከወንዝ ማዶ ላለው ቆዳ ፋቂ ተላከ።

«ቺንጋው መንገድ ላይ ነው» አለ ቀበሮ።

ክረምት ገባ። ቺንጋው መንገድ ላይ ነው። ክረምት ወጣ። «መጥቶ ነበር፣ ልኩ አልሆነም፤ ሌላ ቆዳ አምጡ።» በሬ የአጎቱን ቆዳ አመጣ። ቺንጋው መንገድ ላይ ነው። «ወንዙ ሞልቶበት ነው።» ቺንጋው መንገድ ላይ ነው። «ፋቂው ልጁን እየዳረ ነው።» ሁለተኛው ክረምት ገባና ወጣ። «መጥቶ ነበር፣ ሲሞከር ተበጠሰ።» በሬ የአክስቱን ቆዳ አመጣ። በሬ ዘመድ እያለቀበት፣ አህያ ጀርባ እያለቀባት፣ ቺንጋው መንገድ ላይ ነው።

በሦስተኛው ዓመት የጠቅላላ ጉባኤው ዕለት ጧት፣ እመት አህዪት እንጨት ተጭና ቁልቁለቱን ስትወርድ በሬን መንገድ ላይ አገኘችው።

«ደህና አደርሽ እትዬ? ወደ ጉባኤው ነሽ?»

«ወደ ጉባኤው ነኝ። ይኸ የተጫንኩት የጉባኤው ማገዶ ነው።»

በሬ ቆም ብሎ አሰበ። ለማሰብ መቆም ግድ ይለዋል። «የእንክብል ማኅበር አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ! የእንክብል ማኅበር በኔ እንጨት ሊሞቅ ነዋ! እንጨቱ ከኔ፣ ሙቀቱ ለቀበሮ። ለመሆኑ አንተ ማሽኑን አይተኸው ታውቃለህ?»

«ሲተከል አይቼዋለሁ።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

«ከዚያ ወዲህ... ሪፖርቱን ነው የሰማሁት።»

«ሪፖርቱን!» አለች እመት አህዪት፣ ከአፍንጫዋ ትንፋሿን ፉር አድርጋ። «እኔም እንደዚያው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጭዴን የበላብኝን ቤት ደጁን አልረገጥኩም። ደደብ ሲሉን እንቀየማለን እኮ! በል አንተ ቅደም፤ እኔ በወንዙ በኩል ዞሬ እመጣለሁ።»

«እዚያ እኮ አያ ጅቦ አለ፤ እንዳይበላሽ!»

«አንቀጽ አንድ አለልኝ» አለች። እርምጃዋን ግን ትንሽ አሳጠረች። ሰኮና ደንብ አያነብም።

ማሽኑ ቤት ስትደርስ በሩ ተከፍቶ ነበር። መዘውሩ ላይ ሸረሪት አድርታለች። መጭመቂያው አፍ ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታ፣ ፈልፍላ፣ ልጆቿን አስበርራ ሄዳለች። ወፍ እንኳ ፕሮጀክቷን በጊዜው ጨርሳለች! ጭዱ ከላይ ደህና ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ምስጥ ገብቶበት ደቋል። እመት አህዪት ሽታውን ለየችው፤ የራሷ ጭድ ነው። ሆዷ ጮኸ።

አያ ጅቦ ደጁ ላይ ተጋድሞ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል። የጥበቃ ቀለቡ በሳምንት አንድ የደረቀ አጥንት ነው። ሆዱ ግን የሠርግ ድንኳን አክሏል።

«እንደምን አለህ አያ ጅቦ?»

«እግዜር ይመስገን እመት አህዪት። ወፈርሽ መሰለኝ?» አለ፣ ዓይኑ ታፋዋ ላይ ትንሽ ቆይቶ።

«የተጫንኩት እንጨት ነው። ሥራ እንዴት ነው?»

«አሁን አሁን ሥራ ቀዝቅዟል።» አያ ጅቦ ከልቡ ተነፈሰ። «ካለፈው መስከረም ወዲህ ምንም የለም። አንቺ ከላይኞቹ ጋር ትገናኛለሽ፤ እስኪ ጠይቂልኝ፣ አዲሱ ቺንጋ መቼ ነው የሚመጣው? ኧረ ናፈቀኝ!»

እመት አህዪት ማሽኑን አየች፣ የጅብን ሆድ አየች፣ ከጥርሱ መሃል የተንጠለጠለችውን የቆዳ ክር አየች። ለካስ ቺንጋው መንገድ ላይ ነው የተባለው እውነት ኖሯል! የትኛው መንገድ እንደሆነ ነው ያልተነገራቸው።

«እጠይቅልሃለሁ» አለች በቀስታ። «አንተም ወደ ጉባኤው ና። ዛሬ ሁሉም ሰው አንተን መስማት ይፈልጋል።»

«እኔን?» አለ ጅብ፣ ደስታ ጆሮውን አቁሞት።

ጉባኤው የተጠራው አንበሳ ዋሻ ፊት ለፊት ካለው ሜዳ ላይ ነው። ዝንጀሮ የእመት አህዪትን ሸክም አወረደ፤ ገመዱን ግን ሆዷ ላይ እንደታሰረ ተወው፤ ከስብሰባው በኋላ ሁለተኛ ዙር አለባታ! ዝንጀሮ ጸሐፊም ስለሆነ ወዲያው ወረቀቱን ይዞ ተቀመጠ። አንበሳ አንድ ዓይኑን ገልጦ ጉባኤውን ከፈተና መልሶ ጨፈነው።

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ክቡር ሰብሳቢ፣ የተከበራችሁ ባለአክሲዮኖች! ማኅበራችን ያጋጠሙትን ፈተናዎች ተቋቁሞ፣ የሥራው አፈጻጸም ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ መድረሱን ሳበስር በታላቅ ደስታ ነው!»

ጭብጨባው ቀለጠ። በግ «እሰይ!» አለች። ምኑን እንደሆነ እሷም አታውቅ።

«ጥያቄ አለኝ» አለች እመት አህዪት።

«ጥያቄ ከምሳ በኋላ ነው።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ከምሳ በኋላ ስትሉኝ ምሳውን አልበላሁም። የቀረው አንድ ከመቶ ምንድን ነው?»

«ቺንጋው ነው፤ መንገድ ላይ...»

«ያለ ቺንጋ ማሽኑ ይዞራል?»

«አይዞርም፤ ግን በአፈጻጸም ደረጃ ሲታይ...»

«እንግዲያው ዘጠና ዘጠኙን አንድድና አሙቀና!»

ዶሮዎች ተንጫጩ። አንበሳ ሁለተኛውን ዓይኑን ገለጠ። ቀበሮ ፈገግ አለ፤ ቀበሮ ሲነካ ነው ፈገግ የሚለው። «የእትዬ ስሜት ይገባኛል። አራተኛውን ቺንጋ በተሻለ ጥራት ለማሠራት አንድ ቆዳ ብቻ...» በሬ አንገቱን ደፋ። የቀረችው አያቱ ብቻ ነበረች፤ እሷም ገና አልሞተችም።

«ጥሩ» አለች እመት አህዪት፣ ድምፅዋን ማር አድርጋ። «ከማዘዛችን በፊት ግን ባለሙያ እናማክር። በዚህ ሸለቆ ስለ ቆዳ ከአያ ጅቦ የበለጠ ማን ያውቃል? አያ ጅቦ፣ እስካሁን ከመጡት ሦስት ቺንጋዎች የትኛው ነው የሚሻለው?»

«ይኸ በአጀንዳው ውስጥ የለም!» ብሎ ቀበሮ ከመቀመጫው ዘለለ።

ዘግይቷል። ከተወለደ ጀምሮ ማንም ምክር ጠይቆት የማያውቀው ጅብ ደረቱን ነፍቶ ተነስቷል።

«ይኼማ ምን ጥያቄ አለው! የመጀመሪያው ነዋ! ያረጀ በሬ ነበር፤ ማኘክ ይፈልጋል፣ ግን እያደር ይጣፍጣል። ሁለተኛው ሰባ ያለ ስለነበር ሳላስበው በአንድ ቁጭታ አለቀብኝ። ሦስተኛው ላይ ግን» አለና ምራቁን ተፋ፣ «ፋቂው ጨው አብዝቶበታል። ሁለት ቀን ወንዝ ስጠጣ ነው የዋልኩት። አራተኛውን ስታዙ ጨው ቀንሱ በሉት።»

በሬ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣ።

«ያረጀ በሬ ያልከው» አለ በሬ፣ ድምፁ እየተሰበረ፣ «አባቴ ነው።»

«ነፍሱን ይማረው» አለ ጅብ በሐዘኔታ። «ጠንካራ ነበር።»

«አንተ ሆዳም! የአባቴን ቆዳ ለብርድ ማስታገሻ እንጂ ለጥርስህ መጫወቻ ነው የሰጠሁት?»

«እኔ ምን አጠፋሁ?» ጅብ እውነትም ግራ ተጋብቷል። «አንቀጽ አንድ ባለአክሲዮንን አትብላ ነው የሚለው። ቺንጋው ባለአክሲዮን ነው እንዴ?»

እመት አህዪት ወደ ጉባኤው ዞረች። «እሱን ተዉት፤ እሱ ጅብ ነው፣ የጅብ ሥራ ሠራ። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል ይባላል። እኛ ግን በምናውቀው አገሩ፣ በገዛ እጃችን አነጠፍንለት! ቆዳ ጠብቅ ብለን ጅብ የቀጠርን እኛ ነን። አሁን ዝንጀሮ፣ እስኪ የአያ ቀበሮን የቅጥር ውል አንብብልን።»

ዝንጀሮ ወረቀቱን ፈለገ፣ ጭንቅላቱን አከከ፣ አነበበ። «ሥራ አስኪያጁ፣ ሥራው እስኪጀመር ድረስ፣ በየቀኑ አምስት እንቁላል ይሰጠዋል።»

«እስኪጀመር ድረስ?»

«እስኪጀመር ድረስ።»

«ከተጀመረስ?»

ዝንጀሮ ወረቀቱን ገለበጠ፣ ዘቀዘቀ፣ ወደ ፀሐይ አነሳው። «ከተጀመረማ... ምንም አይልም።»

«ወይኔ እንቁላሌ!» ብላ አንዲት ዶሮ ራሷን ሳተች። «ሁለት ዓመት ያልታቀፍኩት ለዚህ ነው?»

«ማኅበሩ ይፍረስ!» አለ ፍየል። «ይፍረስ! ይፍረስ!» አለ ሜዳው ሁሉ።

ቀበሮ አልደነገጠም። ጭራውን አስተካክሎ ትከሻው ላይ ጣለ። «እንደፈቀዳችሁ፤ ይፍረስ። ማኅበሩ ሲፈርስ ደንቡ ይፈርሳል። ደንቡ ሲፈርስ አንቀጽ አንድም አብሮ ይፈርሳል። አያ ጅቦ፣ ሰማህ?»

«አንቀጽ አንድ... የትኛው ነበር?» አለ ጅብ። ቀስ ብሎ ገባው። ቀስ ብሎ ወደ በሬ ዞረ። ፈገግ አለ።

ወዲያው ሁሉም ተቀመጠ። «ቸኩለናል መሰለኝ» አለ ፍየል። «አያ ቀበሮ አንድ ዓመት ይጨመርለት!» አለች በግ፣ እጇን ከሁሉ ቀድማ አውጥታ። አንድ በአንድ እጆች ወጡ። በሬ እንኳ፣ አባቱ የተበላበት በሬ፣ ሰኮናውን ከመሬት ማንሳት ጀመረ።

እመት አህዪት ይህን ስታይ የአሥራ አራት ዓመት ሸክም በአንድ ጊዜ የተጫነባት መሰላት። ከጅብ ጥርስ ይልቅ የነዚህ እጅ አቃጠላት። እንዲህ ብለው ያወጡት እጅ አይደል ጅብን ጠባቂ፣ ቀበሮን ሥራ አስኪያጅ ያደረገው?

«አውርዱ!» ብላ አናፋች። ማናፋቷ ዋሻው ውስጥ ገብቶ አስተጋባ፤ አንበሳ ራሱ ቀና አለ። «ይፍረስ ያልኩ እኔ ነኝ? ማኅበሩም ይኑር፣ አንቀጽ አንድም ይኑር፣ አያ ቀበሮም ሥራ አስኪያጅ ይሁን። ሁለት ነገር ብቻ ነው የምለምነው። አንደኛ፣ እንቁላሉ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። የመጀመሪያዋ እንክብል ከማሽኑ በወጣች ዕለት ይቀጥልና፣ ማሽኑ በዞረበት ቀን ሁሉ ይሰጠው። ባልዞረበት ቀን ጾሙን ይዋል።»

የቀበሮ ፈገግታ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፋ።

«ሁለተኛ፣ ቺንጋው። ዝንጀሮ፣ ና ፍታኝ!»

ዝንጀሮ ሆዷ ላይ ያለውን ረጅሙን የቃጫ ገመድ ፈታና ሜዳው ላይ ዘረጋው። በላብ ጠቁሯል፤ በደም ደርቋል።

«ይኸን እዩት። አሥራ አራት ዓመት በዝናብም በፀሐይም ሲጎተት አንድ ቀን አልተበጠሰም፤ የተበጠስኩት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የዘመድ ቆዳ ስትለምኑ ሆዴ ላይ ነበር፤ እኔም ከነሸክሜ ይዤው ስዞር አላየሁትም። ሦስት እጥፍ ቢገመድ ማሽኑን አያዞርም? አያ ጅቦ፣ እስኪ ቅመሰው።»

ጅብ በጉጉት ነከሰ፣ አኘከ፣ ፊቱን አጨማደደ፣ ክሩን ከጥርሱ መሃል በመዳፉ ሲነቅል ቆየ። «ትፍ! ይኼ ደግሞ ምግብ ነው?»

«አይደለም። የመረጥኩትም ለዚህ ነው።»

አንበሳ የምሳው ሰዓት ስላለፈበት አገሳ። የአንበሳ ግሳት እንዴት እንደሚመዘገብ ዝንጀሮ ያውቃል፤ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብሎ ጻፈ።

በመጀመሪያው ቀን ቀበሮ «የቃጫው ጉዳይ እየተጠና ነው» አለ። እንቁላል አልመጣም። በሁለተኛው ቀን ጧት ማሽኑ ቤት አካባቢ የሸረሪት ድር ሲጠርግ ታየ፤ ሆዱ ሲጮህ ማዶ ይሰማል። ከሰዓት በኋላ ከዝንጀሮ ጋር ቁጭ ብሎ፣ በጥርሱ እየጎተተ፣ ቃጫውን ሦስት እጥፍ ገመደ። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ መዘውሩ ዞረ። ሁለት ዓመት ያልዞረው መዘውር፣ በሦስት ቀን ረሃብ ዞረ! የምስጡ ትራፊ የሆነው ጭድ ገባ፣ ጣት የምታክል እንክብል ወጣች። በእርግጥ ጢስ አላጣትም፤ ጭዱ ተከምሮ ቆይቶ ሻግቷል። ነደደች ግን። በሬ አንድ እፍኝ ወስዶ ከአባቱ መቃብር አጠገብ አነደደ። ዶሮዋም ለቀበሮ አምስት እንቁላል ይዛ ሄደች፤ እያጉረመረመች፣ ግን ሄደች።

በማግሥቱ ጧት ዝንጀሮ እመት አህዪት ደጅ ቆሞ ተጣራ።

«እትዬ! ተነሽ እንጂ! እንክብሉ ለሁሉ እስኪዳረስ አንድ ሁለት ዙር እንጨት አምጡ ተብለናል።»

እመት አህዪት አልተነሳችም። ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ ተጋድማለች፤ ከስንት ዓመት በኋላ ቁስሏ ላይ ነፋስ እያገኘ ነው።

«በምን ልታስረው ነው?» አለችው።

ዝንጀሮ ወደ እጁ አየ። ባዶ ነው። ወደ ወንዙ አየ። ገመዱ እዚያ፣ መዘውሩ ላይ፣ እየጮኸ ይዞራል።

«አዲስ ቃጫ ልግመድ እንዴ?»

«ግመድ፣ ማን ከለከለህ? ሳትቸኩል ግመድ።»

«ታዲያ ገመዱ የታለ ሲሉኝ ምን ልበላቸው?»

እመት አህዪት ጆሮዎቿን ዘርግታ ዓይኗን ጨፈነች። «መንገድ ላይ ነው በላቸው።»

ከዚህ የምንማረው፣ ሥራው «ለምን ዘገየ?» ብለን ከመጠየቃችን በፊት «ሲዘገይ የሚጠግበው ማን ነው?» ብለን መጠየቅ እንዳለብን ነው።